ብርቅዬ የሜርኩሪ ማዕድን እንዴት ይገኛል? የእንጦጦ ቀይ ድንጋይስ ምንድን ነው?

በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ለቤት መሠረት፣ ለውኃ መስመር ወይም ለመንገድ ሥራ ቁፋሮ ሲካሄድ ቀይ፣ ከበድ ያለ ወይም የሚያብረቀርቅ ድንጋይ መውጣቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ያጋጠመው ሰው “ይህ ምን ይሆን? ዋጋስ ይኖረው ይሆን?” ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በአገራችን የሚታወቁ የከበሩ ድንጋዮች ወደ ባለሙያ እጅ የደረሱት በአካባቢው ነዋሪዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ መነሻነት ነው።

ይሁን እንጂ ይህንኑ መልካም ጉጉት ለማታለያ የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ። ከእነዚህ ማታለያዎች አንዱ “ቀይ ሜርኩሪ” የሚባለው ሲሆን፣ ብርቅዬና እጅግ ውድ የሆነ የሜርኩሪ ዓይነት ነው እየተባለ በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ሲወራ የኖረ ነው። በዚህ ወሬ ምክንያት ገንዘባቸውን ያጡ፣ ንብረታቸውን የሰባበሩና ለመርዝ የተጋለጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እውነተኛ የሜርኩሪ ማዕድን ምን እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ቦታ እንደሚገኝ፣ አዲስ ማዕድን ተገኘ የሚባለውም ምን ምን ሲሟላ እንደሆነ ማስረዳት ነው። በተጨማሪም በእንጦጦና በየካ አካባቢ የሚታየው ቀይ ድንጋይ ምንነቱን ያብራራል፤ ያልታወቀ ድንጋይ ያገኘ ዜጋ ሊከተለው የሚገባውንም ቅደም ተከተል ያመለክታል።

ሜርኩሪ ምንድን ነው?

ሜርኩሪ በቀደሙት የአገራችን መጻሕፍት “ባዜቃ” በሚል ስም የሚታወቅ ብረታማ ንጥረ ነገር ነው። ከሌሎች ብረቶች የሚለየው በተለመደው የአየር ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ መገኘቱ ነው። የሚረጋው ከዜሮ በታች በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ የሚፈላው ደግሞ በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ክብደቱም ከፍተኛ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ሜርኩሪ 13.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቀለሙ እንደ ብር ነጭ ነው። ንጹሕ ሜርኩሪ በየትኛውም አገር ቢመረት ቀለሙ ያው ብርማ ነው፤ ቀይ አይሆንም።

ቀይ ቀለም የሚታየው ሜርኩሪ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ሲዋሐድ ነው። ከእነዚህ ውሑዶች በተፈጥሮ በብዛት የሚገኘው ሲናባር ይባላል። ሲናባር ሜርኩሪና ድኝ የተዋሐዱበት ደማቅ ቀይ ማዕድን ሲሆን፣ ከክብደቱ 86 በመቶ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። የዓለም ሜርኩሪ ከሞላ ጎደል የተመረተው ከዚህ ማዕድን ነው። ሲናባር ምሥጢር የሌለው፣ ከጥንት ጀምሮ ለቀለምነት ሲፈጭ የኖረ፣ በየትኛውም የማዕድን መማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ ነው።

በተፈጥሮ የሚገኘው በምን ዓይነት ቦታ ነው?

በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው የሜርኩሪ መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። በአንድ ቶን ተራ አለት ውስጥ በአማካይ ከ0.1 ግራም ያነሰ ሜርኩሪ ይገኛል። ይህ ጥቃቅን መጠን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ማዕድን ሊሆን የሚችለው አራት ሁኔታዎች ሲገጣጠሙ ነው። በመጀመሪያ ሜርኩሪን የሚለቅ ምንጭ አለት ወይም ደለል ከመሬት በታች መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ሜርኩሪውን አሟምቶ ወይም በተን አድርጎ የሚያንቀሳቅስ ሙቅ ውኃ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሙቁ ውኃ ወደ ላይ የሚወጣበት ስንጥቅ ሊኖር ይገባል። አራተኛ፣ ውኃው ቀዝቅዞ የተሸከመውን የሚያራግፍበት፣ ድኝም የሚገኝበት ወጥመድ መኖር አለበት። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል የሜርኩሪ ክምችት አይፈጠርም።

ስለዚህም በዓለም ላይ ትልልቅ የሜርኩሪ ክምችት ያላቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የስፔኑ አልማደን ከ2,000 ዓመታት ለሚበልጥ ጊዜ ሜርኩሪ ሲመረትበት ኖሯል። የስሎቬንያው ኢድሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1490 ጀምሮ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ሠርቷል። ሁለቱም ማዕድን ማውጣት ያቆሙ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል።

ብርቅዬ ማዕድናት የሚወለዱት ከሲናባር ነው

ከሲናባር ሌላ የሜርኩሪ ማዕድናት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት በወቅቱ የታወቁትን የሜርኩሪ ማዕድናት ዓይነት ወደ 90 አድርሷቸዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ብርቅዬ ናቸው፤ የሚታወቁትም ከጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። እንዴት እንደተገኙ ለመረዳት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የሚገኘውን የተርሊንጓ አካባቢ መመልከት ይጠቅማል።

ተርሊንጓ በረሃማ አካባቢ ሲሆን፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የሲናባር ማውጫ ሆነ። ማዕድን አውጪዎቹ ከቀዩ ሲናባር ጋር ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቡናማ የሆኑ ጥቃቅን ድንጋዮች ያገኙ ነበር። ከእነዚህ ናሙናዎች አንዳንዶቹ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ሳይንስ መምህር ለነበረው ለአልፍሬድ ሞዝስ ደረሱ። ሞዝስ የጥቃቅኖቹን ድንጋዮች ማዕዘን ለካ፤ የያዙትንም ንጥረ ነገር መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ ኤግልስቶናይት፣ ተርሊንጓይትና ሞንትሮይዳይት የተባሉ ሦስት የሜርኩሪ ማዕድናትን ለዓለም አስተዋወቀ። ኤግልስቶናይት ስያሜውን ያገኘው የኮሎምቢያን የማዕድን ትምህርት ቤት ከመሠረተው ከቶማስ ኤግልስተን ነው። ተርሊንጓይት በተገኘበት ቦታ ተሰየመ። ከዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1910 የታወቀ ሌላ ብርቅዬ ማዕድን ደግሞ የሞዝስን ስም ይዞ ሞዝሳይት ተባለ።

ኤግልስቶናይት ሜርኩሪ፣ ክሎሪንና ኦክስጅን የያዘ ማዕድን ነው። ከመሬት ሲወጣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሲሆን፣ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል። የተፈጠረበትም መንገድ የታወቀ ነው፤ ሲናባር ወደ መሬት ገጽ በቀረበበት ሥፍራ አየርና ክሎሪን ያለበት ውኃ እያገኘው በረጅም ጊዜ ሲለወጥ እንዲህ ያሉ ማዕድናት ይፈጠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1990 በይፋ የታወቀው ኤድጋርቤይሊያይት የተባለ ማዕድንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ይህ ማዕድን ሜርኩሪ ከሲሊካ ጋር ተዋሕዶ የተገኘበት የመጀመሪያው የተፈጥሮ ምሳሌ ነው። የተገኘውም በካሊፎርኒያና በዚያው በተርሊንጓ፣ አስቀድሞ ሲናባር በወጣባቸው ማውጫዎች ውስጥ ነው። ስያሜው በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የሜርኩሪ ክምችቶችን ለረጅም ዓመታት ላጠናው ለኤድጋር ቤይሊ መታሰቢያ የተሰጠ ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን። ብርቅዬ የሜርኩሪ ማዕድን ከየትም ብቻውን አይመጣም። ሲናባር ባለበት ቦታ፣ የሲናባር ልጅ ሆኖ በጥቃቅን መጠን የሚታይ ነው። መጠኑም ብዙውን ጊዜ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ያህል ብቻ በመሆኑ ጠቀሜታው ለሳይንስና ለሙዚየም እንጂ ለገበያ አይደለም።

አንድ ማዕድን “ተገኘ” የሚባለው መቼ ነው?

ማዕድን በእጅ ስለተያዘ ወይም ስም ስለወጣለት ብቻ ተገኘ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የማዕድን ሳይንስ ማኅበር አዳዲስ ማዕድናትን የሚያጸድቅ ኮሚሽን አለው። አንድ ተመራማሪ አዲስ ማዕድን አግኝቻለሁ ሲል የሚከተሉትን ማቅረብ ይጠበቅበታል፦

1. ናሙናው የተገኘበትን ትክክለኛ ቦታና አብረውት የተገኙትን ማዕድናት፤
2. ማዕድኑ የያዛቸውን ንጥረ ነገሮች መጠን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት፤
3. በራጅ ጨረር የተረጋገጠ የውስጥ አደረጃጀቱን፤
4. ቀለሙን፣ ጥንካሬውን፣ ክብደቱንና ሌሎች ባሕርያቱን፤
5. ሌሎች ባለሙያዎች ደግመው ሊመረምሩት እንዲችሉ በሙዚየም የሚቀመጥ ናሙና።

ኮሚሽኑ የቀረበውን ማስረጃ መርምሮ በድምፅ ይወስናል፤ ውጤቱም በግልጽ ይታተማል። በኮሚሽኑ ዕውቅና ያገኙ ማዕድናት ከ6,000 በላይ ናቸው። ሁሉም ስማቸው፣ የያዙት ንጥረ ነገርና የተገኙበት ቦታ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ሰፍሯል። በዚህ መዝገብ ውስጥ “ቀይ ሜርኩሪ” የሚባል ማዕድን የለም።

በአገራችንም የታወቁ ግኝቶች በተመሳሳይ ግልጽ መንገድ ያለፉ ናቸው። በሰሜን ሸዋ የመዘዞ ኦፓል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዓለም ገበያ ሲደርስ፣ በወሎ ደላንታ የወገል ጤና ኦፓል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ታወቀ። የወገል ጤናውን ኦፓል ባለሙያዎች በቦታው ተገኝተው አጥንተውታል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተፈጠረ የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ በአንድ ስስ ንጣፍ ተወስኖ እንደሚገኝም ለይተዋል። ዛሬ የወገል ጤና ኦፓል በስሙ ተጠርቶ የሚሸጠው ቦታው፣ ባሕርዩና ምንጩ በግልጽ ስለታወቀ ነው። እውነተኛ ማዕድን ምርመራ ዋጋውን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም።

የእንጦጦና የየካ ድንጋዮች

የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት አዲስ አበባን በስተሰሜን አጥሮ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የተሠራው ከእሳተ ገሞራ በወጡ አለቶች ነው። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ ራዮላይት፣ ትራካይት፣ ባዛልትና ከትኩስ አመድ ፍሰት ተጋግሮ የተፈጠረው ኢግኒምብራይት ናቸው። የእንጦጦ አለቶች ዕድሜ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት እንደሚጠጋ በላቦራቶሪ ልኬት ታውቋል። ከዚህ ሰንሰለት በስተደቡብ የሚታዩት የወጨጫ፣ የፉሪና የየረር ተራሮች በኋላ ዘመን የተፈጠሩ ናቸው።

በየካ ኮረብታ ላይ የሚገኘው የዋሻ ሚካኤል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለው ከዚሁ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። አለቱ ለመጥረብ የሚመች መሆኑን የቀደሙት ጠራቢዎች ያውቁ ነበር።

“እሳተ ገሞራና ፍል ውኃ ባለበት ቦታ ሜርኩሪ ሊገኝ ከቻለ፣ እንጦጦና ፍልውኃ ባሉባት አዲስ አበባስ ለምን አይገኝም?” የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የፍልውኃ ምንጭ በመሬት ውስጥ ስንጥቅ በኩል የሚወጣ ሙቅ ውኃ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በሠፈሩበት በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ የተቆረቆረችውም በዚህ ፍል ውኃ አካባቢ ነው። ሆኖም ከላይ ከተዘረዘሩት አራት ሁኔታዎች ሙቅ ውኃና ስንጥቅ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የምንጭ አለቱና ድኝ ያለበት ወጥመድ ካልታከሉባቸው ክምችት አይፈጠርም። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ፍል ውኃዎች ሲኖሩ የሜርኩሪ ማውጫ የሆኑት ጥቂቶች ብቻ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። እንጦጦም የሜርኩሪ ማውጫ ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ በአካባቢው የሚታየው ቀይ ቀለም ከምን የመጣ ነው? መልሱ ብረት ነው። በእሳተ ገሞራ አለቶች ውስጥ ያለው ብረት አየርና ውኃ ሲያገኘው ይዝጋል። ከዚህ ዝገት የሚፈጠረው ሄማታይት የተባለ ማዕድን ድንጋዩንና አፈሩን ቀይ ያደርገዋል፤ ሊሞናይት የሚባለው ደግሞ ቢጫና ቡናማ ያደርገዋል። በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል እንደ መቀነት የሚታየው ቀይ መስመር፣ የታችኛው ላቫ ወደ አፈርነት ከተለወጠ በኋላ በላዩ የፈሰሰው ትኩስ ላቫ የጠበሰው ጥንታዊ አፈር ነው። ለግንባታ የሚውለው ቀይ ስኮሪያም ቀለሙን ያገኘው ከዚሁ ከብረት ነው። በድንጋዩ ውስጥ የሚያብረቀርቁት ጥቃቅን ነጥቦች በአብዛኛው ፌልድስፓር የሚባለው ብርጭቆ መሰል ማዕድን ናቸው።

ቀይ ድንጋይን ከሲናባር ለመለየት የሚረዱ ግልጽ ምልክቶች አሉ፦

• ክብደት፦ በአንድ ሊትር ዕቃ ልክ የሆነ ንጹሕ ሲናባር 8 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ንጹሕ ሄማታይት 5 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። ተራ ራዮላይት ደግሞ 2.5 ኪሎ ግራም አይሞላም ወይም በዚያ አካባቢ ነው። ቀልሎ የሚገኝ ቀይ ድንጋይ ሲናባር ሊሆን አይችልም።
• ጥንካሬ፦ ሲናባር ለስላሳ ሲሆን በቀላሉ ይጫራል። በቢላዋ እንኳ የማይጫር ቀይ ድንጋይ ሲናባር አይደለም።
• የዱቄቱ ቀለም፦ የሄማታይት ዱቄት እንደ ሸክላ ቀይ ቡናማ ሲሆን፣ የሲናባር ዱቄት ደማቅ ቀይ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ለግምት ያህል የሚረዱ ናቸው። የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ሲናባር ሊሆን ይችላል ተብሎ የተጠረጠረ ድንጋይ በቤት ውስጥ ሊፈጭ ወይም ሊሞቅ አይገባም።

“ቀይ ሜርኩሪ” የሚባለው ምንድን ነው?

ይህ ስም በስፋት መሰማት የጀመረው ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። በተለይ በ1990ዎቹ ለኑክሌር መሣሪያ የሚያገለግል ምሥጢራዊ ቁስ ነው እየተባለ በድብቅ ለሽያጭ ሲቀርብ ነበር። በተለያዩ አገሮች ተይዘው የተመረመሩ ናሙናዎች ተራ ሜርኩሪ፣ ቀለም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወይም የታወቁ ቀይ የሜርኩሪ ውሑዶች ሆነው ተገኝተዋል። የተባለውን ኃይል ያሳየ አንድም ናሙና የለም።

ወሬው በየአገሩ መልኩን ይቀያይራል። አንድ ጊዜ በአሮጌ ሬድዮና ቴሌቪዥን ውስጥ አለ ይባላል፤ ሌላ ጊዜ በፈንጂ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ በአሮጌ የሲንገር የልብስ ስፌት መኪናዎች ውስጥ ይገኛል የሚል ወሬ ተነሥቶ፣ ሰዎች መኪናዎቹን እጅግ በተጋነነ ዋጋ እስከ መግዛት ደርሰው ነበር። በመኪናዎቹ ውስጥ ግን የተባለው ነገር አልነበረም።

የማታለያው አካሄድ በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆነ ዜጎች የሚከተሉትን ምልክቶች ሲያዩ እንዲጠነቀቁ እናሳስባለን፦

• ዕቃው በላቦራቶሪ እንዳይመረመር መከልከል፣ “ብርሃን ካገኘው ይበላሻል” ወይም “ምሥጢር ነው” ማለት፤
• ገዢው ውጭ አገር እንዳለና በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ እንደሚከፍል መናገር፤
• ከሽያጩ በፊት ለማረጋገጫ፣ ለማጓጓዣ ወይም ለፈቃድ በሚል ቅድሚያ ገንዘብ መጠየቅ፤
• ማኅተም ያለበት ነገር ግን ምንጩ የማይረጋገጥ የምርመራ ወረቀት ማሳየት፤
• ውሳኔው በአስቸኳይ እንዲሰጥና ለቤተሰብ እንኳ እንዳይነገር መገፋፋት።

እዚህ ላይ ከተርሊንጓ ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ኤግልስቶናይትም በብርሃን ቀለሙ የሚለወጥ ማዕድን ነው፤ ሆኖም ይህ ከመመርመር አላገደውም፤ እንዲያውም መለያ ባሕርዩ ሆኖ ተመዘገበ። ምርመራን የሚሸሽ ዕቃ ግን የሚሸሽበት ምክንያት አለው።

የጤና ጥንቃቄ

ቀይ ሜርኩሪ የሌለ ነገር ቢሆንም ተራው ሜርኩሪ ግን እውነተኛ መርዝ ነው። ፈሳሽ ሜርኩሪ በተለመደው የቤት ሙቀት እንኳ ይተናል። እንፋሎቱ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቅ ይተነፍሰዋል፤ ከተተነፈሰው ውስጥም 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል። ጉዳቱ በተለይ በአንጎል፣ በነርቭና በኩላሊት ላይ ይበረታል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የመርሳትና የባሕርይ መለዋወጥ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት ከሁሉም በላይ ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው።

ወርቅን በባህላዊ መንገድ ከአሸዋ ለመለየት ሜርኩሪ የሚጠቀሙና ቅይጡን በእሳት የሚያተኑ ሰዎች ራሳቸውንም ቤተሰባቸውንም ለዚህ እንፋሎት ያጋልጣሉ። ይህን ችግር ለመቀነስ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ ከነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። ስምምነቱ ስያሜውን ያገኘው በኢንዱስትሪ ፍሳሽ የተለቀቀ ሜርኩሪ እጅግ ብዙ ነዋሪዎችን ለሕመምና ለሞት ከዳረገባት የጃፓን ከተማ ነው።

በመሆኑም፦

• ሜርኩሪ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ቀይ ዱቄት በምግብ ማብሰያ ዕቃ፣ በከሰል ምድጃ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አታሙቁ፤
• ሜርኩሪ ለማግኘት በሚል የሙቀት መለኪያ፣ አምፖል ወይም አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ አትስበሩ፤
• ሜርኩሪ ቢፈስ ሕፃናትን ከክፍሉ አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፤ በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ በወፍራም ወረቀት ጠብታዎቹን ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡ፤
• ሜርኩሪን ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ወይም ወደ ወንዝ አትድፉ፤
• የመመረዝ ምልክት ከታየ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለሐኪሙም የተጋለጣችሁበትን ነገር በግልጽ ንገሩ።

ያልታወቀ ድንጋይ ያገኘ ዜጋ ምን ማድረግ አለበት?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው። ስለሆነም ማዕድን መፈለግ፣ ማምረትና መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በአጋጣሚ የተገኘን ድንጋይ ምንነት መጠየቅ ግን ማንም ዜጋ ሊያደርገው የሚችልና የሚበረታታ ተግባር ነው። ያልታወቀ ድንጋይ ሲያጋጥማችሁ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ተከተሉ፦

1. ቦታውን መዝግቡ። ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውንና በአቅራቢያ ያለውን መለያ ጻፉ፤ በስልካችሁ የቦታውን መገኛ ነጥብ ያዙ፤ ድንጋዩ ከመሬት ከመነሣቱ በፊት ፎቶግራፍ አንሡ። የተገኘበት ቦታ ያልታወቀ ናሙና ለባለሙያ የሚሰጠው ጥቅም ግማሽ እንኳ አይሆንም።
2. ጥልቀቱንና አብሮት ያለውን አለት አስተውሉ። ድንጋዩ ከአለቱ ጋር ተያይዞ የወጣ ወይስ ከሌላ ቦታ ተጭኖ በመጣ ሙሊት ውስጥ የተገኘ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ።
3. ጥቂት ናሙና ብቻ ውሰዱ። የጡጫ ያህል አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ለምርመራ ይበቃል። ሳታጥቡና ሳትሰባብሩ በንጹሕ ፌስታል አሽጋችሁ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት።
4. ቁፋሮውን አትቀጥሉ። በተለይ በእንጦጦ ደን፣ በወንዝ ዳርና እንደ ዋሻ ሚካኤል ባሉ የቅርስ ሥፍራዎች አካባቢ መቆፈር የመሬት መንሸራተትና የማይተካ የቅርስ ጉዳት ያስከትላል።
5. ናሙናውን ለሚመለከተው ተቋም አቅርቡ። የአገሪቱን የጂኦሎጂ ካርታ ሥራና የናሙና ምርመራ የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ነው። ናሙናው ከማስታወሻውና ከፎቶግራፉ ጋር ሲቀርብ ባለሙያ በመጀመሪያ በዓይን ያየዋል፤ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ላቦራቶሪ ይመራል።
6. ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የምርመራ ውጤት ናሙናው የተሰጠበትን ቀን፣ የምርመራውን ዓይነትና የተገኙትን ንጥረ ነገሮች መጠን የሚገልጽ ነው።
7. ወደ ሥራ ለመግባት ከፈለጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ውጤቱ ጠቃሚ ማዕድን መሆኑን ካሳየ ቀጣዩ እርምጃ ከሚመለከተው የማዕድን ፈቃድ ሰጪ አካል ስለ ፈቃድ ዓይነትና መሥፈርት ማብራሪያ ማግኘት ነው።

“ቀይ ሜርኩሪ” እንሽጥላችሁ ወይም እንግዛችሁ የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙ ገንዘብም ሆነ የመታወቂያ ቅጂ ሳትሰጡ በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ይገባል። ቀድሞ ገንዘብ የከፈለ ሰውም በኀፍረት ዝም ማለት የለበትም፤ የእሱ ቃል ሌላውን ሰው ከጉዳት ያድናል።

ማጠቃለያ

እውነተኛ የሜርኩሪ ማዕድን የታወቀ መልክ፣ የታወቀ ክብደትና የታወቀ አመጣጥ አለው። ብርቅዬዎቹም የተገኙት ጥቂት ሰዎች በድብቅ ስለተገበያዩባቸው ሳይሆን፣ አንድ ማዕድን ሠራተኛ ያነሣው እንግዳ ድንጋይ ቦታው ተመዝግቦ፣ ተመርምሮና ለሁሉም ተገልጦ ነው። የእንጦጦ ቀይ ድንጋይ ቀለም ደግሞ ሚሊዮኖች ዓመታት ያዘጉት ብረት ነው። ይህ ድንጋይ የሚሊዮኖች ብር ዋጋ ባይኖረውም የምንኖርበት ምድር እንዴት እንደተሠራ የሚናገር ማስረጃ ነው። ነገ በየካ ኮረብታዎች ወይም በሌላ የአገራችን ክፍል የተለየ ድንጋይ የሚያገኝ ዜጋ ከደላላ በፊት ወደ ባለሙያ ቢሄድ፣ ግኝቱ እውነተኛ ከሆነ ስሙና ጥቅሙ ይጠበቅለታል፤ ካልሆነም ገንዘቡንና ጤናውን አያጣም።